የእሳት ምስክር ወረቀት ስለ ምን ይመሰክራል?

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሦስት ሆነን በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ቡና ቤት ገብተን ሻይ ስንጠጣ፥ ከተቀመጥንበት ባለ ስፖንጅ ወንበር ሥር የተሰፋች አንዲት ነጭ ጨርቅ አየን። በላይዋ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቃል ወንበሩ የካሊፎርኒያ ግዛት ያወጣውን 117-2013 የተባለ የእሳት ደንብ ያሟላ መሆኑን ይናገራል። የቤቱ ባለቤት ስናነብ አይተው ወደ እኛ መጡና «ልጆቼ፥ ዕቃው ደኅና ዕቃ ነው፤ እሳት አይበላውም ተብሎ ተጽፎበታል» አሉን። እኛም ዝቅ ብለን የቀረውን ብናነብ፥ ያችው ጨርቅ በነበልባል አጠገብ ጥንቃቄ እንዲደረግ ታስጠነቅቃለች። ከወንበሩ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፥ ከመጋረጃው ግርጌ፥ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ተቀምጦ ነበር።

ባለቤቱ ቅን ሰው ናቸው። የተሳሳቱት ዕቃውን ሲመርጡ ሳይሆን ቃሉን ሲያነቡ ነው። ይህን የመሰለ ስሕተት ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ አገሮች የሚገኙ ሹሞችና ነጋዴዎችም ሠርተውታል፥ ብዙ ሰውም ሞቶበታል። ስለዚህ በንግድ ቤት ውስጥ ለሚገቡ ዕቃዎች የሚሰጠው የእሳት ምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ፥ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር በአጭሩ ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ ነገሩ ከየት ተነሣ

የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ በቀላሉ አይነድም። የሚነደው ሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባው ነገር ነው፤ ይኸውም ኮርኒሱ፣ የግድግዳው ልባስ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃውና የመቀመጫው ስፖንጅ ነው። ሕንፃውን መሐንዲስ ያየዋል፤ ይህን ሁሉ ግን ባለቤቱ በየጊዜው ይለውጠዋል። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የነበረው ኮኮነት ግሮቭ የተባለው የጭፈራ ቤት ነው። ቤቱ የሞቃት አገር ደሴት እንዲመስል ሰው ሠራሽ ዘንባባዎች ቆመውበት፥ የምድር ቤቱም ጣሪያ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። በኅዳር ወር 1942፥ በ28ኛው ቀን ሌሊት፥ እሳት ከምድር ቤቱ ተነሣና በጨርቁ ጣሪያ ላይ ሮጦ፥ በደረጃው ወጥቶ፥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዋናው አዳራሽ ደረሰ። ቤቱ 460 ያህል ሰው እንዲይዝ የተፈቀደለት ሲሆን በዚያች ሌሊት አንድ ሺህ ያህል ሰው ነበረበት። ዋናው በር የሚሽከረከር በመሆኑ በሰው ግፊት ተቀረቀረ፤ ከሌሎቹም በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው፥ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ሆነው ተገኙ። የሞቱት ሰዎች 492 ናቸው። የቤቱም ባለቤት በ1943 በነፍስ መጥፋት ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ።

ለጽሑፋችን ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከእሳቱ ስምንት ቀን አስቀድሞ የሆነው ነገር ነው። ከከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የተላከ መርማሪ ቤቱን ጎብኝቶ፥ አንዱን ሰው ሠራሽ ዘንባባ በክብሪት ሞክሮ ባለመንደዱ፥ ተቀጣጣይ ጌጥ የለም፥ ቤቱም በደኅና ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ጻፈ። መርማሪው ያየውን ጻፈ እንጂ አልዋሸም። ነገር ግን አንድ ክብሪት አንድ ቅጠል አላቃጠለም ማለት፥ ብዙ ቅጠልና የጣሪያ ጨርቅ በአንድነት ሲግሉ አይነዱም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ስለ አንዲት ቅጠል የመሰከረ ሲሆን ስለ ቤቱ ሁሉ እንደ መሰከረ ሆኖ ተቈጠረ።

፪ ፈተናው እንዴት ይደረጋል

በክብሪት ፈንታ በቁጥር የሚለካ ፈተና የሚያስፈልግ መሆኑ ስለታወቀ፥ በነዚያው በ1940ዎቹ ዓመታት በቺካጎ በነበረው በአንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ስታይነር የተባለው መሐንዲስ የዋሻ ፈተና የሚባለውን አዘጋጀ። ዋሻው ርዝመቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ጠባብ ሣጥን ነው። የሚፈተነው ዕቃ፥ የግድግዳ ልባስ ወይም ኮርኒስ፥ በዋሻው ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። በአንደኛው ጫፍ የጋዝ ነበልባል ይለቀቃል፥ አየርም በልክ ይሳባል፤ ተመልካቹም በጎን ባሉት የመስተዋት መስኮቶች ነበልባሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጓዝ ይመዘግባል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የብርሃን ጨረር በጭሱ ውስጥ እንዲያልፍ እየተደረገ የጭሱ ክብደት ይለካል።

ውጤቱ የሚነገረው በማነጻጸር ነው። የሲሚንቶ ሰሌዳ 0፥ ቀይ ኦክ የተባለው የወለል ጣውላ ደግሞ 100 ተብሎ ይቈጠራል። ከ0 እስከ 25 ያገኘ ዕቃ አንደኛ ማዕረግ፥ ከ26 እስከ 75 ሁለተኛ፥ ከ76 እስከ 200 ሦስተኛ ማዕረግ ይሰጠዋል፤ በሦስቱም ማዕረጎች የጭሱ ቁጥር ከ450 ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፥ 100 ማለት ከመቶ መቶ ማለት አይደለም፤ እንደ ኦክ ጣውላ ይነዳል ማለት ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕንፃ ደንቦች ሕዝብ ለሚሸሽበት ደረጃና መተላለፊያ ከፍተኛውን ማዕረግ፥ ለመቀመጫ ክፍል ዝቅ ያለውን ይጠይቃሉ፤ ከጣሪያ ራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ያለበት ቤት ደግሞ ደንቡ ጥቂት ይላላለታል።

መጋረጃ በዋሻ አይፈተንም። ለእሱ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 701 ቁጥር የተባለውን ፈተና አውጥቷል። ለቀላል ጨርቅ በተወሰነው ፈተና መሠረት አሥር ቁራጮች አንድ በአንድ ይሰቀሉና እያንዳንዱ ለ45 ሴኮንድ ነበልባል ይያዝበታል። በአማካይ ከክብደታቸው ከ40 በመቶ በላይ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ወይም የሚንጠባጠበው ቅላጭ ወለል ላይ ወድቆ በአማካይ ከ2 ሴኮንድ በላይ የነደደ እንደ ሆነ ጨርቁ ይወድቃል።

መቀመጫ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ካሊፎርኒያ በ1975 ያወጣው የመጀመሪያው 117 ስፖንጁ ራሱ ትንሽ ነበልባል ለ12 ሴኮንድ እንዲችል ያዝዝ ነበር። ፋብሪካዎችም ፈተናውን ለማለፍ እሳት የሚያዘገዩ ኬሚካሎችን በስፖንጁ ውስጥ ጨመሩ። እነዚህም ኬሚካሎች ከጊዜ በኋላ በቤት አቧራና በሰው ደም ውስጥ ተገኙ፤ አንዳንዶቹም ለጤና የሚያሰጉ ሆኑ። ስለዚህ ደንቡ በ2013 ተለወጠ፥ ከ2015 መግቢያም ጀምሮ ግዴታ ሆነ። አዲሱ ፈተና የሚጤስ ሲጋራ በጨርቁና በስፖንጁ ላይ አስቀምጦ መመልከት ነው። ነበልባል የለበትም። እንግዲህ በቡና ቤቱ ያየናት ጨርቅ የምትለው «ሲጋራ ቢወድቅብኝ ፍሜ አይዛመትም» ነው እንጂ «እሳት አይበላኝም» አይደለም።

፫ ምስክር ወረቀቱ የማይናገረው

ከዚህ በላይ የተገለጹት ፈተናዎች ጠቃሚዎች ናቸው፤ ነገር ግን ወሰን አላቸው። ወሰናቸውን በሦስት ከፍለን እንመለከታለን።

አንደኛ፥ ፈተናው የዕቃውን ጠባይ ሁሉ አያሳይም። አንዳንድ የፕላስቲክ ስፖንጅ በዋሻው ጣሪያ ላይ ሲለጠፍ ነበልባሉ ሳይደርስበት ቀልጦ ወደ ወለሉ ይወድቃል። ቀልጦ የወደቀው ደግሞ ነበልባሉን ወደፊት ስለማይወስደው ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ወረቀቱም ዕቃውን ያመሰግነዋል። በክፍል ውስጥ ግን ያው ስፖንጅ በግድግዳ ላይ እንደ ቆመ በብርቱ ይነዳል። በዚህ ምክንያት በ1973 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፕላስቲክ አምራቾችን ከሰሰ፤ ክሱም በትንንሽ ፈተና ላይ ተመሥርተው «አይነድም» ወይም «ራሱን ያጠፋል» እያሉ መሸጣቸው ሕዝብን ያሳስታል የሚል ነበር። በኋላም የክፍል ማዕዘን ፈተና ወጣ። ይኸውም አንድ ትንሽ ክፍል በዕቃው ተለብሶ፥ በማዕዘኑ ለ5 ደቂቃ 40 ኪሎዋት፥ ቀጥሎም ለ10 ደቂቃ 160 ኪሎዋት እሳት ተለቆበት፥ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያያዝ መሆን አለመሆኑን መመልከት ነው።

ሁለተኛ፥ ጊዜና ውሃ ምስክርነቱን ይሽሩታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ ሉሳክ በ1821 የአሞኒየም ፎስፌትና የቦራክስ ጨው የተነከረ ጨርቅ በነበልባል እንደማይያያዝ አሳይቶ ነበር። ዛሬም ብዙ መጋረጃ በዚህ መንገድ ይዘጋጃል። ነገር ግን እነዚህ ጨዎች በውሃ የሚሟሙ ናቸው። አቡጀዲ በዚህ ውሃ ተነክሮ ከደረቀ በኋላ ነበልባል ቢያዝበት ይጠቁራል እንጂ አይንበለበልም፤ ያው አቡጀዲ በሳሙና ቢታጠብ ግን ጨው እንዳልነካው ጨርቅ ይነዳል። ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነው፥ መጋረጃው ግን ሌላ ሆኗል። ከክሩ ጀምሮ ከማይነድ ነገር የተሠራ መጋረጃ ይህ ችግር የለበትም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሦስተኛ፥ ከምርመራ በኋላ ወይም ከመርማሪ ዓይን ውጭ የሚገባ ዕቃ አለ። በየካቲት ወር 2003፥ በ20ኛው ቀን፥ በሮድ አይላንድ ግዛት ስቴሽን በተባለ የሙዚቃ ቤት የሆነው ይህ ነው። ጎረቤቶች በድምፁ ስላማረሩ፥ የቤቱ ባለቤቶች በመድረኩ ዙሪያ ያለውን ግድግዳ የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ለጠፉበት። በዚያች ሌሊት ለጌጥ የተተኮሰ ርችት ስፖንጁን አቀጣጠለው። በኋላ የመንግሥት ተመራማሪዎች መድረኩን የመሰለ ክፍል ሠርተው ባቃጠሉት ጊዜ 90 ሴኮንድ ያህል ሲሆን በውስጡ ሰው ሊኖር የማይችል ሆነ፤ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ በተገጠመበት ጊዜ ግን እሳቱ ታገደ። ቤቱ ይህ መሣሪያ አልነበረውም፤ አብዛኛውም ሰው የገባበትን በር ብቻ አስቦ ወደዚያው ስለ ሮጠ በሩ በሰው ተዘጋ። አንድ መቶ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አስቀድሞ ቤቱን የጎበኙት መርማሪዎች የጻፉት ወረቀት ስለ ስፖንጁ የሚናገረው አንድም ቃል አልነበረም።

ከ1942 እስከ 2003 ስልሳ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሳይንሱም እጅግ አደገ። ስሕተቱ ግን ያው ነው። በሁለቱም ቤቶች ወረቀት ነበረ፤ በሁለቱም ቤቶች በወረቀቱና በግድግዳው መካከል ያለውን ርቀት የለካ ሰው አልነበረም።

፬ ባለ ንግድ ቤት ምን ይጠይቅ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ወረቀቱን መናቅ አይደለም፤ አጥብቆ ማንበብ ነው። ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ሀ) ፈተናው የትኛው ነው? የሲጋራ ነው፥ የትንሽ ነበልባል ነው፥ የዋሻ ነው ወይስ የክፍል? የፈተናው ስምና ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት ምስክር አይባልም።

ለ) የተፈተነው ይኸው ዕቃ ነው ወይስ የሚመስለው? ውፍረቱ፣ ማጣበቂያውና የሚለጠፍበት ግድግዳ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። አንደኛ ማዕረግ ያገኘ ወረቀት በቀድሞው ወረቀት ላይ ደራርበው ቢለጥፉት ማዕረጉ አብሮ አይሄድም።

ሐ) ከታጠበ ወይም ከጊዜ ብዛት በኋላ እንደገና መነከር ያስፈልገዋልን? ቀኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

መ) ያልተሸፈነ ስፖንጅ በግድግዳ ወይም በጣሪያ ላይ የክፍል ፈተና ሳያልፍ አይለጠፍ።

ከቁራጭ ጨርቅ ጥቂት ቆርጦ፥ ከቤት ውጭ፥ በክብሪት መሞከር ይቻላል። ነገር ግን የቦስተኑን መርማሪ ማስታወስ ይገባል፤ ክብሪት ሊኮንን ይችላል እንጂ ሊያጸድቅ አይችልም። በክብሪት የነደደ ጨርቅ አደገኛ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ያልነደደው ግን ገና አልተፈተነም።

ይህ ነገር በውጭ አገር ምግብ ቤት የከፈቱትን ወገኖቻችንንም ይመለከታል። ከአገር ቤት የመጣ የጥልፍ መጋረጃ ወይም ጎጆ ለማስመሰል በጣሪያ ላይ የሚሠራ የሣር ክዳን ምንም የፈተና ወረቀት የለውም። በኒው ዮርክ ከተማ ለምሳሌ፥ እንዲህ ያለው የሕዝብ መሰብሰቢያ ጌጥ እሳት እንዳይዘው ሲነከር፥ ሥራውን የሚሠራው ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የብቃት ወረቀት ያለው ሰው መሆን አለበት፤ እሱም በመሐላ ቃል ይፈርማል። ይህ ነጋዴውን ለማስቸገር የወጣ ደንብ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም የደንቡ ጥበብ ወረቀቱን በስም ከሚታወቅ ሰውና ከተሰቀለው ዕቃ ጋር ማሰሩ ነው።

ይህን ካጠናን በኋላ ወደዚያው ቡና ቤት ተመልሰን የተረዳነውን ለባለቤቱ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ይህ ጽሑፍ ምን ይጠቅመኛል?» አሉን። ሲጋራ ወድቆበት ሌሊቱን ሲጤስ እንዳያድር ይጠቅምዎታል፥ ከነበልባል የሚጠብቀው ግን የእርስዎ ዓይን ነው አልናቸው። ዞር ብለው መጋረጃውን ተመለከቱና ቡና የምታፈላውን ልጅ ጠርተው «ልጄ፥ ምድጃውን ወደ በረንዳው አውጪው፤ ከእንግዲህም ከመጋረጃ አጠገብ አታስቀምጪው» አሏት። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ነው።