የወጣት ሚሲዮናዊ የዕለት ኑሮና መንፈሳዊ ዕድገት፦ ከወሎ ደጋ ሁለት ታሪኮች

በአጥቢያችሁ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ጌታ ወደ ሌላ ሕዝብ ጠርቶኛል» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን እንጸልይለታለን፤ እጅ እንጭንበታለን፤ የመንገድ ገንዘብ እናዋጣለን። ከዚያም ሪፖርቱን እንጠብቃለን። ሪፖርቱ ስንት ሰው ወንጌል እንደ ሰማና ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ ይነግረናል። ልጁ ከማን ቤት እንደሚበላ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ እጁ ለማን እንደሚሠራ ግን አንጠይቅም። እርሱ በመንፈስ የሚያድገው ወይም የሚጠወልገው ደግሞ በዚያው ባልጠየቅነው ቦታ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከመካነ ሰላም ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብታቀኑ ደጋውን አቋርጣችሁ መቅደላ ትደርሳላችሁ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ የሚገበያይበት፣ በለቅሶና በሠርግ የሚጠራራበት ይህ የወሎ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን ወጣት የወንጌል መልእክተኞች ተፈትነውበታል። ከእነርሱ ሁለት ታሪኮችን እንመልከት።

ባዶ እጁን የቀረው መንገደኛ

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1810 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ተወለደ። በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ መጀመሪያ ወደ ትግራይ መጣ፤ ከዚያ ሲባረር በ1839 ወደ ሸዋ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ገባ። የዕለት ሥራው ቋንቋ ማጥናት፣ ከካህናት ጋር መወያየት፣ ልጆችን ማስተማር፣ የአማርኛ መጻሕፍትን ማደል ነበር። ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መተርጎምም ጀመረ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሸዋ ሲገባ ክራፕፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆነ። ወንጌል ሰባኪው በንጉሡና በባዕድ መንግሥት መካከል ቆመ ማለት ነው።

በመጋቢት 1842 ክራፕፍ አንኮበርን ለቅቆ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ለማግኘት ወደ ጎንደር አቀና። ወሎ ሲደርስ የመንገዱን አለመረጋጋት ሰምቶ ለመመለስ ቆረጠ። ሲሄድ በወዳጅነት የተቀበለው የአገሩ ገዥ አዳራ ቢሌ ግን ሲመለስ ያዘውና ንብረቱን ዘረፈው። ክራፕፍ ከእስር ሲለቀቅ በቅሎም ስንቅም አልነበረውም። በየመንደሩ ማደሪያና ምግብ እየለመነ፣ በሐይቅ በኩል ወደ ላስታና ትግራይ አልፎ ምጽዋ ደረሰ። ወደ ሸዋ እንዲመለስ ከዚያ በኋላ አልተፈቀደለትም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሰው ሦስት ዓመት በንጉሥ ወዳጅነት ኖሮ ነበር። መድኃኒት፣ መጽሐፍ፣ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰጪ ነበር። በወሎ መንገድ ላይ ግን ተቀባይ ሆነ። ጌታችን ሰባውን ሲልክ ከረጢትና ኮሮጆ እንዳይዙ፣ ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ ያዘዘው (ሉቃ. 10፥4-8) ገንዘብ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰውን እንጀራ የሚበላ መልእክተኛ ያንን ሰው ከላይ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ጳውሎስም በመላጥያ ደሴት ከመርከብ ስብራት ወጥቶ የማያውቁት ሰዎች ባነደዱት እሳት ሞቋል (የሐዋ. 28፥2)። ወንጌልን የሚሰጥ ሰው እሳትና እንጀራ መቀበል እንደሚያስፈልገው ማወቁ የትሕትና መጀመሪያ ነው።

ክራፕፍ በዚህ አላቆመም። በ1844 ሞምባሳ እንደ ደረሰ ሚስቱ ሮዚነና አራስ ልጃቸው ሞቱበት። እርሱ ግን ስዋሂሊን ተማረ፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ተረጎመ። ከዚያ ወዲያ የሠራው የቃልና የትርጉም ሥራ በአንድ ንጉሥ ሞገስ ላይ የቆመ አልነበረም።

እጃቸው የተፈለገባቸው ወጣቶች

ሁለተኛው ታሪክ በመቅደላ ይፈጸማል። በባዝል ከተማ አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም በ1840 የተመሠረተው የእጅ ሙያ ያላቸውን ምእመናን ለወንጌል ለማሰማራት ነበር። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከዚያ የወጡ ወጣቶችን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ላከ። ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1855 ከክራፕፍ ጋር ሲመጣ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ የመጣው ቴዎዶር ቫልድማየርም ዕድሜው ከ30 በታች ነበር። አሳባቸው ግልጽ ነበር፤ በእጃቸው ሠርተው ይኖራሉ፤ በኑሯቸውና በቃላቸው ይመሰክራሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከእነርሱ የፈለገው እጃቸውን ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩት ባለሙያዎች መጀመሪያ መንገድና ጋሪ ሠሩ። ቀጥሎ መድፍ እንዲያፈሱ ታዘዙ። ሙያው እንደሌላቸው ቢናገሩም አልተለቀቁም። ሞክረው ሳይሳካ ቀረ፤ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ ተሳካ። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1867 እና 1868 በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ገደሉን እየወጣ፣ ወንዙን እየተሻገረ ወደ መቅደላ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው አለ።

ሰላምን ሊሰብኩ የመጡ ወጣቶች የጦር መሣሪያ ሠሪ ሆነው ጨረሱ። በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በጨካኝ ዘመን መካከል ነበሩ፤ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1862 የጻፈው ደብዳቤ መልስ ያጣበት ንጉሥ ቁጣም እየነደደ ነበር። ማስተዋል ያለባችሁ ውድቀቱ በአንድ ቀን አለመምጣቱን ነው። ከመንገድ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ መድፍ የሄዱት በትንንሽ እሺታ ነው። ዳንኤል በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ ያሰበው አስቀድሞ ነበር (ዳን. 1፥8)። አስቀድሞ ያልቆረጠ ሰው ጥያቄው ሲመጣ መልሱን የሚሰጠው ፍርሃቱ ነው።

ከዚሁ ታሪክ ግን የታማኝነት ምሳሌም እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልከው ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ጉዳዩን ፈጽሞ በ1867 ወደ ግዞቱ ተመለሰ። ሚያዝያ 1868 መቅደላ እስክትወድቅ ድረስ ከእስረኞቹ ጋር ቆየ። በእጁ ያደገው ቤተ እስራኤላዊው ወጣት ሚካኤል አረጋዊም በኋላ በክሪሾና ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና ለብዙ ዓመታት በወገኖቹ መካከል አገለገለ። መድፉ ድንጋይ መካከል ቀረ፤ የአንድ ልጅ አስተዳደግ ግን ፍሬ አፈራ።

ለምትልኩና ለምትዘጋጁ

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን ከምትልኩት ወጣት ጋር ተቀምጣችሁ እንድትነጋገሩ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዓመት የመማሪያና የመቀበያ ዓመት ይሁን። ወደ ጁባም ይሂድ ወደ ሩቅ እስያ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ ገጠር፣ ቋንቋውን ከጎረቤት ይማር። ቡና ሲጠሩት ይሂድ፤ አቦሉን ጠጥቶ አይሩጥ፤ በረካው ድረስ ይቀመጥ። የሃይማኖት ልዩነት የጎረቤትን ደግነት ላለመቀበል ምክንያት አይሁነው።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚከፍለውና ማን እንደሚጠብቀው በግልጽ ይወቅ። ደመወዝ የሚሰጥ፣ ፈቃድ የሚያወጣ፣ መኪና የሚያውስ ሁሉ አንድ ቀን ውለታውን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «ምንም ቢመጣ አላደርገውም» የሚለውን ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ የአጥቢያው ሽማግሌዎችም ይወቁት።

ሦስተኛ፣ ጸሎቱና ቃሉን ማንበቡ በሥራው ላይ አይንጠልጠል። ሥራ ሲታገድ፣ ንብረት ሲወሰድ፣ ሐዘን ሲመጣ የሚቀረው ይህ ነው። ድካሙንና ኃጢአቱን ሳይፈራ የሚነግረው አንድ ታላቅ ወንድም ይኑረው።

አራተኛ፣ የሪፖርቱን ጥያቄ ለውጡ። «ስንት ሰው አመነ?» ከማለታችሁ በፊት «በዚህ ወር ማን አበላህ? ማንን ይቅርታ ጠየቅህ? እምቢ ለማለት የከበደህ ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄያችሁ ቁጥር ብቻ ከሆነ ቁጥር ብቻ ይልክላችኋል፤ ልቡ ሲደክም ግን አታውቁም።

ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ወንጌልን ብቻ ሳይሆን የገዛ ነፍሱንም ሊያካፍል ይወድ እንደ ነበር ይጽፋል (1ተሰ. 2፥8)። ነፍስ የምትካፈለው በዕለት ኑሮ ነው፤ በማዕድ፣ በሥራ ቦታ፣ በለቅሶ ቤት። ወጣቶቻችንን ስንልክ ለመድረኩ ብቻ አናዘጋጃቸው። ለዚህ ኑሮ እናዘጋጃቸው፤ ከሄዱም በኋላ ስለዚሁ ኑሮ መጠየቃችንን አናቋርጥ።