ልብ ማለትና ተመስጦ

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዳሩ ግን ፍቹ በትክክል የገባን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን፣ ቢቸና ላይ ከአያታችን ጀበና አጠገብ በተቀመጥን ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተማሪነታችን ዘመን ከፈተና ጭንቀት ለመዳን ብለን በየማለዳው ዓይንን ጨፍኖ፣ ትንፋሽን እየተከታተሉ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥን ተለማምደን ነበር። ፈረንጆች ይህን «ሜዲቴሽን» ሲሉት በእኛ ቋንቋ «ተመስጦ» እየተባለ ይጠራል። ከዚሁ ጋራ «ማይንድፉልነስ» የሚባል ሌላ ቃል ይነሣል፤ ብዙ ሰውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እኛም እንዲሁ ቈጥረናቸው ነበር።

አያታችንን ለመጠየቅ ቢቸና በሄድን ጊዜም ማለዳ ተነሥተን ሃያ ደቂቃችንን ፈጸምን፤ ልባችንም ረግቶ ቡና ለመጠጣት ቀረብን። አያታችን ሲቀዱ ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። «ዓይኔን ጭጋግ ለበሰው» አሉ። እኛም «አይዞዎት» ብለን ጨዋታችንን ቀጠልን። ሁለተኛውም ስኒ ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ ሰባት ዓመት ያልሞላት የጎረቤት ልጅ ብድግ ብላ ስኒውን ወደ ጀበናው አፍ አስጠጋችላቸው። ወዲያውም ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «እማማ እኮ ከፋሲካ ወዲህ በሩንም የሚያገኙት በእጃቸው እየዳሰሱ ነው» አለችን። በዚያ ቤት ካደርን ሦስተኛ ቀናችን ነበር።

ዓይናቸው በሞራ መጋረዱን ሐኪም ነገረን፤ ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላቸውና ዛሬ ቡናውን ሳያፈሱ ይቀዳሉ። እኛን ግን አንድ ጥያቄ ሲከነክነን ከረመ። በየማለዳው ሐሳቡን ለመሰብሰብ የሚደክም ሰው፣ ከፊቱ የተቀመጠችውን አያቱን ሳያይ እንዴት ሦስት ቀን ይሰነብታል?

መልሱን ያገኘነው ከቃላቱ ትርጉም ነው። «መሠጠ» በግዕዝ ነጠቀ፣ ወሰደ ማለት ነው። እንግዲህ ተመስጦ ማለት ሐሳብ ካለበት ተነጥቆ ወደ አንድ ነገር ሲወሰድ ነው። «ልብ ማለት» ግን የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ይኸውም ሐሳብ ካለበት ሳይነጠቅ፣ እዚሁ ሆኖ፣ እጅ የሚሠራውን፣ ጆሮ የሚሰማውን፣ ዓይን የሚያየውን ማወቁ ነው። ፈረንጆቹ «ማይንድፉልነስ» የሚሉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ለመጀመሪያው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ በ1958 ዓ. ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ከመንደር ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቈጥራል። በእጁ ወረቀትም ብዕርም የለም። ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ቢሆን፣ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቢሆን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ ዜማውንና ሰዋስውን በልቡ ብቻ አሰናድቶ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም ያርሙለታል። በዚያ ሰዓት ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ ላያይ ይችላል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው ራሱ መነጠቅን ይጠይቃልና።

ለሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ወደ ሞጣ እንለፍ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ «ሰባራ ድልድይ» የሚባለው የአፄ ፋሲል ዘመን ድልድይ ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ በ1994 ዓ. ም. እስኪጠገን ድረስ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። ገመዱን የያዘ ሰው ቅኔ ሊቈጥር አይችልም። የገመዱን ክብደት፣ የእግሩን መቆሚያ፣ የተንጠለጠለውን ሰው ፊት ልብ ካላለ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

ታዲያ ሁለቱ አይገናኙም ማለት ነውን? ይገናኛሉ። ከ2,000 ዓመት በላይ በቈየው የቡድሃ ትምህርት ውስጥ ከስምንቱ መንገዶች ሰባተኛው ልብ ማለት፣ ስምንተኛው ሐሳብን በአንድ ላይ መሰብሰብ ነው። ለየብቻ መቈጠራቸው የተለያዩ መሆናቸውን፣ ተከታትለው መቀመጣቸው ደግሞ ተደጋጋፊነታቸውን ያሳያል። ጆን ካባት ዚን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ. ም. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመምና ጭንቀት ለጠናባቸው ሰዎች ትምህርት ሲጀምሩ ሁለቱን አጣመሩ። ተማሪው የተወሰነ ሰዓት ተቀምጦ ይለማመዳል፤ የተለማመደውን ግን ሲበላም፣ ሲራመድም፣ ከሰው ጋራ ሲነጋገርም እንዲሠራበት ይመከራል። በአገራችን በሚነበቡት የመነኮሳት መጻሕፍትም እነማር ይስሐቅ ስለ አርምሞና ልብን ስለ መጠበቅ አስተምረዋል፤ የእነርሱ ፍጻሜ ግን ጸሎት፣ ማለትም ከፈጣሪ ጋራ መነጋገር ስለ ሆነ ከዘመኑ ልምምድ ጋራ መደባለቅ አይገባም።

በአጭሩ፣ ተመስጦ ሰዓትና ቦታ ተለይቶለት የሚሠራ ልምምድ ነው፤ ልብ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ አብሮን ሊውል የሚችል ጠባይ ነው። ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተል ልብ ማለትን የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ያች የቢቸና ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን ጨፍና አልተቀመጠችም። እኛ ግን የትምህርት ቤቱን ደጃፍ በየማለዳው እየረገጥን ትምህርቱን እዚያው ትተነው እንወጣ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ሃያ ደቂቃውን ተው አንልም፤ እኛም አልተውነውም። ነገር ግን ዓይንህን ከገለጥህ በኋላ በፊትህ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ምን እንዳለህም ልብ በል። ምናልባት ስኒው እየፈሰሰ ይሆናል።