የድንጋይ ዲስክ እና የ1998ቱ ኮምፒውተር፦ ይግባባሉ?

በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ፣ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ኮምፒውተር አለ እንበል። በሌላ በኩል ደግሞ በቅርቡ የተመረተ፣ አምራቹ «እስከ 1000 ዓመት ይቆያል» የሚለው ዲስክ አለ። ይህ የዲስክ ዓይነት ገበያ ላይ የዋለው ኮምፒውተሩ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታዲያ ሁለቱን ብናገናኛቸው ይግባባሉ?

መልሱ ባጭሩ፦ አዎ፣ ጥቂት ነገሮችን ካሟላችሁላቸው። ግን ከ«አዎ»ው ይልቅ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ያስተምራል። እስቲ አብረን እንየው።

ቆይ ግን፣ አሮጌ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?

አንዱ ምክንያት የድሮ ጌም መጫወት ነው፤ ይህም ቀላል ምክንያት አይደለም። ሌላው ግን እኛን በቀጥታ ይነካናል።

ዛሬ በስልካችሁ አማርኛ ስትጽፉ እያንዳንዱ ፊደል ዓለም የተስማማበት የራሱ ቁጥር አለው። የግዕዝ ፊደላት ይህን ቁጥር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ሰው አማርኛ የሚጽፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ እና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። የዚያ ዘመን ሶፍትዌሮች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። «ሀ» የት ይቀመጥ፣ «ለ» የት ይቀመጥ የሚለውን ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይወስናል። ስለዚህ ያኔ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የዕድር መዝገብ ዛሬ ያለ ፎንቱ ቢከፈት የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰነድ እንደተጻፈው ለማየት አስተማማኙ መንገድ በዘመኑ ኮምፒውተር፣ በዘመኑ ሶፍትዌር መክፈት ነው። ችግሩ የዚያ ዘመን ፍሎፒና ሃርድ ዲስክ እያረጁ መሆናቸው ነው። ሰነዱን፣ ፎንቱንና ሶፍትዌሩን ዕድሜው ረጅም በሆነ ነገር ላይ ማስቀመጥ አለብን፤ ያም ነገር አሮጌው ኮምፒውተር የሚያነበው መሆን አለበት።

ሲዲ ለምን ያረጃል?

ከፋብሪካ ታትሞ የሚወጣ ሲዲ ላይ መረጃው ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ሌዘሩ ከጉድጓድ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ጉድጓድ ሲሻገር የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል። ድራይቩ የሚያነበው ይህንን ለውጥ ነው።

እኛ ቤት በርን የምናደርገው ሲዲ ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ኦርጋኒክ ቀለም ተቀብቷል፤ የመጻፊያው ሌዘር ቀለሙን በሙቀት ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ቦታ ለአንባቢው ሌዘር እንደ ጉድጓድ ይመስለዋል። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጨርቅ እንደሚደበዝዝ ሁሉ ይህም ቀለም በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይለወጣል። በዚያ ላይ የሲዲው አንጸባራቂ ብረት ያለው ከላይ፣ ስም በሚጻፍበት በኩል፣ ከስስ ሽፋን ሥር ነው። ለዚህ ነው ከላይ መጫር ከታች ከመጫር የሚከፋው። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ መረጃው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር በሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መሃል እንደ ሳንድዊች ተቀምጧል።

ቀለሙን አውጥቶ ድንጋይ ማስገባት

ሚሌኒያታ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በዩታ ግዛት በሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ላይ ተመሥርቶ ኤም-ዲስክን ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚደበዝዘውን ቀለም አውጥቶ በምትኩ የድንጋይ ጠባይ ያለው፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ጋር በቀላሉ የማይዋሃድ ንብርብር ማስገባት። ሌዘሩ በዚህ ንብርብር ላይ ቋሚ ምልክት ያበጃል። ድንጋይ መፈልፈል ቀለም ከመለወጥ ስለሚከብድ ኤም-ዲስክ ዲቪዲን ለመጻፍ ጠንከር ያለ ሌዘር ያለው፣ ዲስኩን እደግፋለሁ የሚል መጻፊያ ያስፈልጋል። ለማንበብ ግን ተራ የዲቪዲ ድራይቭ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በቻይና ሌክ በሚገኘው ጣቢያው ዲስኩን ከሌሎች ዲቪዲዎች ጋር ፈትኖታል፤ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ 85 በመቶ እርጥበትና ኃይለኛ ብርሃን። በቀለም የተሠሩት ሲበላሹ ኤም-ዲስኩ መረጃውን ጠብቋል። «1000 ዓመት» የሚለው ግን ሒሳብ መሆኑን አትርሱ፤ ተቀምጦ የቆጠረ ሰው የለም።

ዲስኩ በዲቪዲ መልክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በብሉሬይ መልክ ደግሞ 25፣ 50 እና 100 ጊጋባይት የሚይዙ አሉ። በሲዲ መልክ ግን የለም። ይህ ለአሮጌ ኮምፒውተር ችግር ይመስላል፣ አይደል? እስቲ እንየው።

አሮጌው ኮምፒውተር ዲስኩን አያየውም

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ሁለት ኪሎ ስኳር» ስትሉ ባለሱቁ ከየትኛው ጆንያ፣ በምን ዓይነት ማንኪያ እንደሚያወጣው አትጠይቁም። ከባንኮኒው ማዶ ያለው የእሱ ጉዳይ ነው። እናንተ ሁለት ኪሎ ከደረሳችሁ በቃ።

ኮምፒውተርም ለድራይቩ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ነው። «5000ኛውን ብሎክ ስጠኝ» ይላል፤ ድራይቩ 2048 ባይት ይሰጠዋል። ከባንኮኒው ማዶ ብዙ ነገር ተለውጧል። የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲ 650፣ የብሉሬይ 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው። መረጃው የተጻፈበት ጠመዝማዛ መስመርም እየጠበበ መጥቷል፤ በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ርቀት በሲዲ 1.6 ማይክሮሜትር፣ በዲቪዲ 0.74፣ በብሉሬይ 0.32 ነው። ስህተት የማረሙም ሥራ የሚሠራው እዚያው ድራይቩ ውስጥ ነው። ባንኮኒው ላይ የሚቀርበው ግን ያው 2048 ባይት ነው። ስለዚህ የ1998ቱ ኮምፒውተር አዲስ ድራይቭ ቢገጠምለትና ዲቪዲ ቢገባበት የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጣም ትልቅ ሲዲ!

ሦስቱ ስምምነቶች

ደንበኛና ባለሱቅ እንዲገበያዩ ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

የመጀመሪያው መሰኪያ ነው። የአሮጌው ማዘርቦርድ መሰኪያ አይዲኢ ይባላል፤ 40 ፒን ያለው፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ኬብል የሚገባበት ነው። አዲሱ ድራይቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የመጣውን ቀጭኑን የሳታ ኬብል ይጠቀማል። ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ አዳፕተር አለች። የመብራቱም መሰኪያ ስለሚለያይ ከባለ 4 ፒኑ የድሮ መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይር ኬብል ያስፈልጋል። «ዩኤስቢ ለምን አንጠቀምም?» ትሉ ይሆናል። የዚያ ዘመን ዩኤስቢ በሴኮንድ ከ12 ሜጋቢት አያልፍም፤ ዶስ ደግሞ በራሱ ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያውቅም። ውስጥ የሚገጠመው ይሻላል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ኮምፒውተሩ ለድራይቩ የሚልከው ትዕዛዝ አታፒ በሚባል ደንብ ይመራል። ይህ ደንብ በ1990ዎቹ የወጣ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የሳታ ድራይቮችም መሠረታዊ ትዕዛዞቹን አሁንም ይረዳሉ። አዳፕተሯ ርካሽ የሆነችውም ለዚህ ነው፤ ቋንቋው አንድ ስለሆነ ብዙ የምታስተረጉመው የላትም።

ሦስተኛው የፋይሎቹ አደረጃጀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ብሎኮቹ ደርሰው የትኛው ብሎክ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ኮምፒውተሩ ካላወቀ ምንም አይጠቅምም። አዳዲስ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ዩዲኤፍ የሚባለውን አደረጃጀት ይመርጣሉ። ዊንዶውስ 95 ዩዲኤፍ አያነብም፤ ዊንዶውስ 98ም የሚያነበው 1.02 የሚባለውን ብቻ ነው። እናንተ መምረጥ ያለባችሁ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን አይኤስኦ 9660 ነው። ጥብቅ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃው የፋይል ስም ከ8 ፊደል፣ ቅጥያው ከ3 ፊደል አያልፍም፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲሄድም ከ8 እርከን በላይ አይፈቅድም። ጆሊየት የሚባለው ተጨማሪ ከተጨመረበት ዊንዶውስ 95ና ከዚያ በኋላ የመጡት እስከ 64 ፊደል የሚደርስ ስም ያያሉ፤ ዶስ ግን አጭሩን ስም ያያል።

የት የት ይበላሻል?

የኮምፒውተሩ የራሱ፣ ሲዲ ብቻ የሚያነበው ድራይቭ ዲቪዲ አያነብም። የሌዘሩ ነጥብ ለዲቪዲው ጠባብ መስመር በጣም ወፍራም ነው፤ ምንም ሶፍትዌር አያድነውም። መፍትሔው ድራይቩን መቀየር ነው።

የመጀመሪያዎቹ የዲቪዲ ድራይቮች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። እያንዳንዱ ዲቪዲ «እኔ የዚህ ዓይነት ነኝ» የሚል መታወቂያ አለው። ኤም-ዲስክ ዲቪዲ ራሱን ዲቪዲ ፕላስ አር ብሎ ያስተዋውቃል፤ ይህ ዓይነት ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ድራይቭ «አላውቅህም» ሊለው ይችላል። አንዳንድ መጻፊያዎች ይህን መታወቂያ የፋብሪካ ዲቪዲ አስመስለው መጻፍ ይችላሉ፤ ያኔ ነገሩ ይፈታል።

ለጌም ወዳጆች ደግሞ፦ በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸው እንደ መዝሙር ሲዲ ትራክ ሆኖ ዲስኩ ላይ ነበር። ድራይቩ ራሱ ያጫውተውና በቀጭን ሽቦ ወደ ሳውንድ ካርዱ ይልከው ነበር። በአዲሶቹ የሳታ ድራይቮች ላይ ይህ የሽቦ መሰኪያ የለም፤ ዲቪዲም የሲዲ ሙዚቃ ትራክ መያዝ አይችልም። ጌሙ ይሠራል፤ ሙዚቃው ግን ጸጥ ይላል።

ከፒሲ ውጭም ይህ ባንኮኒ አንድ ዓይነት አይደለም። የሰን እና የሲሊከን ግራፊክስ የድሮ ወርክስቴሽኖች ከዲስክ ለመነሳት 2048 ሳይሆን የ512 ባይት ብሎክ ይጠብቃሉ፤ ይህን የማያደርግ ድራይቭ አይሆናቸውም።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል

1. ኤም-ዲስክን በሚደግፍ መጻፊያ፣ በአዲሱ ኮምፒውተራችሁ ላይ በዝግታ ጻፉ።
2. አደረጃጀቱን አይኤስኦ 9660 ከጆሊየት ጋር አድርጉ። አስፈላጊ ፋይሎችን አጭር ስም ስጧቸው።
3. ከጻፋችሁ በኋላ «ቬሪፋይ» የሚለውን አትለፉት። ሳይረጋገጥ የተቀመጠ ዲስክ ተስፋ እንጂ መዝገብ አይደለም።
4. በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሳታ ድራይቩን በአዳፕተር ግጠሙ። ከኤሌክትሪክ መንቀልን አትርሱ።
5. ዶስ ከሆነ የሲዲ ድራይቨር መጫን አለበት፤ የዊንዶውስ 98 ማስነሻ ፍሎፒ ላይ አብሮ ይገኛል። ዊንዶውስ 98 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያገኘዋል።

1000 ዓመት የሚቆየው ማን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሁለቱ የተግባቡት ዲስኩ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። መሰኪያው፣ ቋንቋውና አደረጃጀቱ ከኮምፒውተሩ መሠራት በፊት በሰዎች ስምምነት ስለተጻፉና እስከ ዛሬ ስለተከበሩ ነው። ስምምነቱ ከፈረሰ የድንጋዩ ዲስክ ድንጋይ ብቻ ነው። ድራይቮቹም እየቀነሱ ነው፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የሚጻፍባቸውን የብሉሬይ ዲስኮች ማምረት አቁሟል።

ዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ዕድሜ በካርቦን ምርመራ ሲለካ ከ1300 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለማንበብ ድራይቭ አይፈልጉም፤ ዓይንና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይበቃቸዋል። ግን እነሱም ቢሆኑ የተነበቡት ብራናው ስለቆየ ብቻ ሳይሆን ፊደሉንና ቋንቋውን ከትውልድ ትውልድ የሚያስተምር ስላልጠፋ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካለ ሰነዱን ብቻ ዲስክ ላይ አትጻፉ። ፎንቱንና የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር አብራችሁ ጻፉ፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይራችሁ ሁለተኛ ቅጂ ጨምሩ፤ «ይህ በዚህ ፎንት፣ በዚህ ሶፍትዌር ተጻፈ» የሚል አጭር ማስታወሻም አስገቡ። ሌላ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ። የፍሎፒዎቹ ዕድሜ እየተገባደደ ስለሆነ፣ ይህን ሥራ ለሚቀጥለው ክረምት ባታሳድሩት ጥሩ ነው።