የጉዞ መስመርና ሕግ፤ የመንገደኛ መርከቦች መቆሚያ በጂኦግራፊ ትምህርት

መግቢያ

በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የሚማሩ የይፋት ቆላ ልጆች የጉዞ መስመር ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋቸውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተሞቻቸው መካከል ያልፋል። መንገዱ በዚያ በኩል ለምን እንዳለፈ ቢጠየቁ የጣርማ በርን ቁልቁለት፣ የቆላውን ሜዳና የወንዞቹን መሻገሪያ ይጠቅሱ ይሆናል። መልሱ ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም። በካርታ ላይ የሚታየውን መስመር ከተፈጥሮ ጋር ሕግም ይቀይሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕግን ድርሻ ጎልቶ በሚታይበት መስክ፣ ማለትም በመንገደኛ መርከቦች ጉዞ፣ ማስረዳትና ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

የሕጉ ምንነት

ብዙ የባሕር በር ያላቸው አገሮች በገዛ ወደቦቻቸው መካከል የሚካሄደውን የመንገደኛና የዕቃ ማመላለስ ሥራ ለራሳቸው መርከቦች ይከልላሉ። ይህ መብት በባሕር ሕግ ቋንቋ «ካቦታዥ» ይባላል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች የመርከብ ሠሪዎችንና የባሕረኞችን ሥራ መጠበቅ እንዲሁም በጦርነት ጊዜ የሚያገለግሉ የራስ መርከቦች እንዲኖሩ ማድረግ ናቸው።

ከእነዚህ ሕጎች አንዱ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣችው የመንገደኛ መርከቦች ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት የውጭ አገር መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ የተሳፈረን መንገደኛ በሌላ የአሜሪካ ወደብ ሊያራግፍ አይችልም። መቀጫው መጀመሪያ በአንድ መንገደኛ 2 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ 200 ዶላር ከፍ ብሏል፤ በኋላም በዋጋ ንረት እየተሰላ ጨምሯል። መርከቡ እንደ አገር ልጅ እንዲቆጠር በአሜሪካ የተሠራ፣ የአሜሪካውያን ንብረት የሆነና በአሜሪካ መዝገብ የገባ መሆን አለበት። ትላልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ግን አብዛኛዎቹ በኢጣሊያ፣ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በፊንላንድ የተሠሩ ሲሆኑ የሚያውለበልቡትም የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የቤርሙዳን ወይም የማልታን ሰንደቅ ዓላማ ነው። በመሆኑም ክልከላው በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ሕጉ መስመሩን እንዴት ይቀይሳል?

የአሜሪካ ጉምሩክ ደንብ የውጭ ወደቦችን «ቅርብ» እና «ሩቅ» ብሎ ይከፍላቸዋል። የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች፣ ቤርሙዳና አብዛኞቹ የካሪቢያን ደሴቶች በቅርብነት ይቆጠራሉ። ደቡብ አሜሪካ፣ እንዲሁም አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳዎ የተባሉት ደሴቶች የሚቆጠሩት ከሩቅ ነው። ከተነሣበት የአሜሪካ ወደብ ተመልሶ ጉዞውን የሚፈጽም የውጭ መርከብ በመካከሉ ሌሎች የአሜሪካ ወደቦችን ለመጎብኘት ቢያንስ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለበት፤ ቅርብ ቢሆንም ይበቃል። በአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ በሌላ የአሜሪካ ወደብ የሚጨርስ ግን ሩቅ ወደብ መንካት ግዴታው ነው።

ውጤቱን በካርታ ላይ መከታተል ይቻላል። ከሲያትል ተነሥተው አላስካን ጎብኝተው ወደ ሲያትል የሚመለሱ መርከቦች በካናዳ የቪክቶሪያን ወደብ ይነካሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሱት በምሽት ሲሆን የሚቆዩት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሃዋይ ሄደው የሚመለሱት በሜክሲኮ የኤንሴናዳ ወደብ ይቆማሉ። ይበልጥ የሚያስተምረው የፓናማ ቦይ ምሳሌ ነው። ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በቦዩ በኩል ወደ ካሊፎርኒያ የሚሻገር መርከብ ፓናማን መንካቱ አይበቃውም፤ ፓናማ በደንቡ «ቅርብ» ናትና። ስለዚህ በኮሎምቢያ ካርታሄና ወይም በአሩባ ይቆማል። መንገደኛው የካርታሄናን ጥንታዊ ግንብ ሲጎበኝ መርከቡን ወደዚያ የመራው የጉምሩክ ደንብ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ሕጉ ሲላላ የታየው

የሕጉ ኃይል ይበልጥ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ካናዳ ወደቦችዋን ለሽርሽር መርከቦች ዘጋች። የካናዳ ወደብ ካልተነካ ደግሞ ከሲያትል ወደ አላስካ መጓዝ በሕግ አይቻልም ነበር። ኑሯቸው በመርከብ ጎብኚዎች ላይ የተመሠረተው እንደ ስካግዌይ ያሉ ትናንሽ የአላስካ ከተሞች በሌላ አገር ውሳኔ ገበያቸው ተዘጋ። የአሜሪካ ምክር ቤት ግዴታውን ለጊዜው የሚያነሣ ሕግ አወጣ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተፈርሞም ጸና፤ መርከቦቹም ካናዳን ሳይነኩ ሄዱ። ባሕሩና ወደቦቹ እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጠው የሕጉ ቃል ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ተጠቃሚና ተጎጂ አለ። የአሜሪካ ሠራተኞች ጥበቃ ያገኛሉ፤ ቪክቶሪያና ኤንሴናዳ ያልተጠበቀ ገቢ ያገኛሉ፤ መንገደኛው ግን ጊዜና ገንዘብ ይከፍላል፤ ከመስመር የወጡ ወደቦችም ይጎዳሉ።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ኢትዮጵያ የባሕር ሕጓን ያወጣችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሕጉ የመንገደኞችን ማጓጓዝም ይመለከታል። ዛሬ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት በወደቦች መካከል የሚከለል ሥራ የላትም። ይሁን እንጂ ይኸው መርሕ በአየር ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 7 እያንዳንዱ አገር የአገር ውስጥ በረራን ለውጭ አየር መንገድ የመከልከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚበር የውጭ አየር መንገድ ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ መንገደኛ ሊያሳፍር አይችልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሜሪካ በረራ የተፈጥሮንና የሕግን ድርሻ አጣምሮ ያሳያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። በመንገድ ላይ ማረፍን የሚያስገድደው ይህ የተፈጥሮ ሁኔታ ነው። በሚያርፍበት ከተማ አዲስ መንገደኛ ማሳፈር መቻሉን የሚወስነው ግን በመንግሥታት መካከል ያለው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 የሎስ አንጀለሱ በረራ ያርፍ የነበረው በደብሊን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የኒውዋርክ በረራ ደግሞ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ሆነ። በሁለቱም ከተሞች አየር መንገዱ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ መንገደኞችን የማሳፈር መብት ነበረው።

በየብስም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በይፋት የሚያልፈው ጎዳና ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ይገነጠላል። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሳይሠራ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች በእነዚሁ ከተሞች ያልፉ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ የወጪና የገቢ ዕቃው ወደ ጅቡቲ ዞረ። የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በግንባታ፣ ሁለተኛው ግን በመንግሥታት ግንኙነት መቋረጥ ነው።

ለክፍል ትምህርት

የጂኦግራፊ መምህር ይህን ትምህርት በአካባቢው ሊጀምር ይችላል። የአጣዬ ተማሪዎች አውቶቡሶች የሚቆሙባቸውን ቦታዎች መዝግበው፣ በደንብ የተወሰነውን መናኸሪያ ከምሳ መብያውና ከማደሪያው ይለዩ። ለእያንዳንዱ መቆሚያ ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ፤ በዚህ ቦታ ለማቆም ያስገደደው ተፈጥሮ ነው፣ ልማድ ነው ወይስ ሕግ? ከመቆሚያው የሚጠቀመው ማን ነው? ደንቡ ቢለወጥ የሚጎዳውስ ማን ነው? ከዚያ በኋላ ከፍሎሪዳ እስከ ካሊፎርኒያ ያለው የባሕር መስመር በካርታ ላይ ቢሳል፣ መርከቡ ካርታሄና ለምን እንደሚቆም ባሕር አይቶ የማያውቅ ተማሪም በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ የጉዞ መስመር የተፈጥሮ፣ የንግድና የሕግ የጋራ ውጤት ነው። ተራራና ባሕር ሰው ሊያልፍበት የሚችለውን ያመለክታሉ፤ ሕግ ደግሞ ማን፣ ማንን አሳፍሮ፣ የት እንደሚያራግፍ ይወስናል። በመንገድ ዳር ለሚኖሩ ከተሞች ልጆች ይህ ዕውቀት ከፈተና ያለፈ ጥቅም አለው፤ የከተማቸው ገበያ ሲደምቅም ሆነ ሲቀዘቅዝ ምክንያቱን ከመንገዱ በተጨማሪ በደንቡ ውስጥ እንዲፈልጉ ያስተምራቸዋልና።