ጊደር ላም የምትባለው መቼ ነው?

በበዓል ሰሞን ከብት ተራ የሚገባ ከተሜ ያየውን ሁሉ በሬ ወይም በግ ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ግን ዋጋ የሚጠራው ወይፈን፣ ሰንጋ፣ ሙክት፣ ጠቦት እያለ ነው። እያንዳንዱ ስም ስለ እንስሳው ዕድሜ፣ ጾታ፣ አንዳንዴም ስላሳለፈው ሕይወት የሚናገረው አለና ሸማቹ ለይቶ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ላምና ጊደርን የሚለያቸው ቁመናቸው ሳይሆን መውለዳቸው ነው። ጊደር የቱንም ያህል ብትገዝፍ ካልወለደች ጊደር ናት፤ ጥጃዋን የወለደች ዕለት ላም ትባላለች። መውለድ ያልሆነላት ደግሞ መሲና ናት። የበላችው ወደ ወተት ስለማይሄድ ትሰባለች፤ ለእርድም ትፈለጋለች። ዶሮም የራሷ ጊደር አላት፤ እንቁላል መጣል ያልጀመረችዋ ቄብ ትባላለች።

ወንዱ ጥጃ ሲጎለምስ ወይፈን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚወስነው የባለቤቱ ሐሳብ ነው። ቀንበር ለምዶ ሲያርስ በሬ፣ ሳይኮላሽ ለዘር ሲተው ኮርማ፣ ተኮላሽቶና ተቀልቦ ሲሰባ ሰንጋ ይባላል። በሬና ሰንጋን እንደ አንድ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ዓመታት ያረሰ በሬ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ካልተቀለበ በቀር የሰንጋን ዋጋ አያወጣም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ፍየል ላይ ነው። ወጠጤ ያልተኮላሸ ወጣት ወንድ ፍየል ነው፤ ሙክት ግን ተኮላሽቶ የሰባው ነው። የተኮላሸ እንስሳ የወንዴ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ ረጋ ይላል፤ ሴት ሲያሳድድ ያባክነው የነበረው ጉልበትም ወደ ስብ ይለወጣል። ያልተኮላሸ ፍየል ሲጎለምስ ከቀንዱ ሥር ካሉ ዕጢዎች የሚወጣ ከባድ ጠረን አለው፤ ሙክት ላይ ይህ ስለማይጎላ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ለበግም ሙክት ይባላል፤ ስለዚህ «የበግ ነው የፍየል?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ግልገል የበግም የፍየልም፣ የሴትም የወንድም ልጅ መጠሪያ ነው። ጠቦት ግን ብዙውን ጊዜ ገና ያልጎለመሰ ወንድ በግ ነው። ሻጩ ጠቦት ነው ካለ የበጉን አፍ ከፍቶ የታችኛውን መንጋጋ ማየት ነው፤ በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። ከታች ያሉት 8 ጥርሶች ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ በጉ ገና ለጋ ነው። መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ብቅ ካሉ አንድ ዓመት አልፎታል።