ዳንኤል መጽሐፉን ሲመረምር

ትዳር ለመያዝ፣ ሥራ ለመቀየር ወይም ከአገር ለመውጣት ስናስብ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንፈልገው «ጌታ እንዲህ ይልሃል» የሚለንን ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ሳይከፈት ይሰነብታል። ጌታ ዛሬም በባሪያዎቹ በኩል እንደሚናገር እናምናለን። ነገር ግን ሕልምና ራእይ በማስተዋል የታወቀው ዳንኤል እንኳ ወደ ተጻፈው ቃል እንደ ሄደ ልብ እንበል።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 539 ገደማ ነው። ባቢሎን ወድቃ መንግሥት ተለውጧል። ዳንኤል በወጣትነቱ ከተማረከ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሰዓት የኤርምያስን ቃል መረመረ፤ ኢየሩሳሌም ፈርሳ የምትቆይበት ዘመን 70 ዓመት መሆኑንም አስተዋለ (ዳን. 9፥1-2)።

ይህን ቁጥር ሲሰማ ሕዝቡ አልወደደውም ነበር። የዓዙር ልጅ ሐናንያ ምርኮው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያበቃ በቤተ መቅደሱ በሕዝብ ፊት ተናገረ (ኤር. 28፥1-4)። ቃሉ ጣፋጭ ነበር፤ ሆኖም እግዚአብሔር አልላከውም። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለ ከተማይቱም ሰላም ጸልዩ አላቸው (ኤር. 29፥5-7)። ሐናንያን ያመነ ሰው ለምን ቤት ይሠራል? ለምንስ ይተክላል? የሐሰት ተስፋ ዕድሜን በከንቱ ያስበላል።

በየግድግዳችን የምንሰቅለው ኤርምያስ 29፥11 የሚገኘው በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ስለ 70 ዓመት፣ ቁጥር 8 እና 9 ደግሞ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ይናገራሉ። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ የሚፈጸመው ግን እግዚአብሔር በወሰነው ጊዜ እንጂ በእኛ ችኮላ አይደለም።

ዳንኤል ዘመኑን ካወቀ በኋላ «እንግዲህ ይፈጸማል» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማቅ ለብሶ በጾም ጸለየ፤ የሕዝቡን ኃጢአት እንደ ራሱ ኃጢአት ተናዘዘ። ገና ሲጸልይ ሳለም ገብርኤል ማስተዋልን ሊሰጠው መጣ (ዳን. 9፥3-23)። ያነበበው ወደ ጸሎት መራው፤ በጸሎቱም ተጨማሪ ማስተዋል አገኘ።

እኛስ? በዚህ ሳምንት አንድ ቁጥር ብቻ መዘን ከማውጣት ይልቅ ሙሉውን ምዕራፍ እናንብብ። ለማን ተጻፈ? ከፊቱና ከኋላው ምን አለ? ብለን እንጠይቅ። የሰማነውንም ትንቢት በዚያው ቃል እንመርምር። ከዚያም ተንበርክከን የተረዳነውን ለጌታ እንንገረው። ጥበብ የጎደለው ቢኖር እግዚአብሔር ሳይነቅፍ በልግስና ይሰጠዋልና (ያዕ. 1፥5)።

ጌታ ቃሉን የምናስተውልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።