የገና ጥድ መቼ እንደሚቆረጥና ሳይደርቅ እንዴት እንደሚቆይ

በታኅሣሥ ወር የመጨረሻ ሳምንት በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከተሞች መንገድ ዳር የጥድ ጫፍና ቅርንጫፍ ተደርድሮ ይሸጣል። ጥንት በአገራችን ለገና በዓል በቤት የሚጐዘጐዘው ቄጠማ ነበር፤ ዛፍ በቤት ውስጥ አቁሞ ማስጌጥ ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የከተማ ቤተ ሰብ ስለ ለመደው፣ በደጋው በኩል ጥድ ያለው ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ጥሩ ገበያ ያገኛል።

ይህ ገበያ ግን በሁለት በኩል እየተበላሸ ነው። ገዢው በታኅሣሥ 24 የገዛው ጥድ በበዓሉ ዋዜማ ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት ቅጠሉ ሲረግፍ ያገኘዋል። በሚቀጥለው ዓመት ከሱቅ የፕላስቲክ ዛፍ ይገዛል፤ የፕላስቲክ ዛፍ የገዛ ሰው ደግሞ ለብዙ ዓመት ወደ ገበሬው አይመለስም። በሌላው በኩል ገበሬው ለጥቂት ብር ሲል የቆመውን ዛፍ ራስ ይቆርጥና፣ ወደ ፊት ጣውላ የሚሆነውን ግንድ ያጣል። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ሁለቱንም ጉዳት ለመከላከል የሚረዳ ነው። የልማት ሠራተኞችም ከኅዳር ወር ጀምሮ ለገበሬዎች ቢያስረዱ ይጠቅማል፤ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ መጋዙ ሥራውን ጀምሯልና።

የትኛው ጥድ ነው?

በአገራችን ሰው ሁሉ ጥድ እያለ የሚጠራቸው ሁለት ዛፎች አሉ። አንደኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ ይባላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የምናየው፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለቤትና ለአጥር ምሰሶ የሚፈለገው እርሱ ነው። እድገቱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና ጓቴማላ ሲሆን፣ በአርሲ ደጋና በሙነሳ ሻሸመኔ ደን ውስጥ በብዛት ተተክሎ ይገኛል፤ ፈጥኖ ያድጋል።

ሁለቱን ለመለየት ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁረት የሚያደላ ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ክብ፣ እንደ እንጨት የጠነከረና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። ፍሬ ያልያዘ ለጋ ዛፍ ከሆነ ቅጠሉን በእጅ መዳበስ ነው፤ ለጋ የሐበሻ ጥድ እንደ መርፌ ይወጋል።

ለገና የሚቆረጠው የፈረንጅ ጥድ ብቻ መሆን አለበት። የሐበሻ ጥድ በየቦታው ስለ ተመናመነ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተዋል፤ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ ግን አሁንም ያስቀጣል። ከዚህም ሌላ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብሎ እንዲህ በዝግታ የሚያድገውን ዛፍ መቁረጥ፣ ወላጅ የተከለውን ለልጅ ሳያስተርፉ መፍጀት ነው።

የዛፉን ራስ አትቁረጡ

ብዙ ገበሬ ጥድን እንደ ባሕር ዛፍ ይቈጥረዋል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቢቆርጡት በሦስትና በአራት ዓመት ሌላ አጣና ይሰጣል። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ካለው ቅርንጫፍ በታች ከተቆረጠ ጉቶው ደርቆ ይቀራል። ጫፉ ብቻ ከተቆረጠ አይሞትም፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት የጎን ቅርንጫፎች በአንድነት ወደ ላይ ይነሡና ዛፉ መንታ ይሆናል። መንታ የሆነ ዛፍ ለማገዶ እንጂ ለጣውላ አይሆንም። ከ20 እስከ 30 ዓመት ጠብቆ ቀጥ ያለ ግንድ ለመሸጥ ያሰበ ገበሬ፣ በሦስተኛው ዓመት ጫፉን ለገና ከሸጠ ሐሳቡን እዚያው ላይ አፈረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ለገና የሚሆነው ከየት ይመጣል? ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ሲተከል ጀምሮ ማሰብ ነው። የፈረንጅ ጥድ ለጣውላ ሲተከል በዛፍና በዛፍ መካከል 2 ሜትር ተኩል ያህል ይተዋል። በዚህ ርቀት በአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) መሬት ላይ 400 ያህል ዛፍ ይቆማል። ገበሬው በየመሥመሩ በሁለት ዛፎች መካከል አንድ ተጨማሪ ችግኝ ቢተክል ሌላ 400 ዛፍ ያገኛል ማለት ነው። ዝናቡና አፈሩ በተስማማው ስፍራ እነዚህ በሦስት ዓመት ገደማ የሰው ቁመት ያህል ይደርሳሉ፤ ለገና ገበያም የሚፈለገው ቁመት ይኸው ነው። ያን ጊዜ ተጨማሪዎቹን ከሥራቸው ቆርጦ መሸጥ ነው። የቀሩትም 400 ዛፎች ቦታ አግኝተው ይወፍራሉ። ተጨማሪዎቹን በአንድ ዓመት ጨርሶ መሸጥ ባይቻል በሁለት ዓመት ከፍሎ መሸጥ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ ግን እየተሻሙ ሁሉም ቀጫጭን ይሆናሉ።

መሬቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ሌላ ዘዴ አለ። በአጥር በኩል ጥቂት ዛፎች ለገና ብቻ ይመደባሉ። በሚቆረጡበት ጊዜ ከታች ሦስት ወይም አራት አረንጓዴ ቅርንጫፎች ይተዉላቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ቀና ብሎ አዲስ ጫፍ ይሆናል፤ የሚፎካከሩትን በመቀስ ወይም በቢላዋ ማስወገድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያው ሥር ሁለተኛ የገና ዛፍ ይቆረጣል። ግንዱ ጎባጣ ይሆናል፣ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ጎባጣነቱ አይጎዳም። ከጥድ አጥር በየዓመቱ የሚከረከመው ቅርንጫፍም በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ይሸጣል፤ ሙሉ ዛፍ ለመግዛት አቅም የሌለው የከተማ ሰው ይህን ይወደዋል።

የፈረንጅ ጥድ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ መሆኑን አንርሳ። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ውሃ ሳያጠጡ ማሳደግ ድካም ነው። ደግሞም ጥላውና የሚረግፈው ቅጠሉ ከሥሩ ሣርና እህል እንዳያድግ ስለሚያደርግ፣ ከጤፍና ከስንዴ ማሳ ራቅ ተደርጎ ይተከል።

የሚቆረጥበት ቀንና ሰዓት

ገና በታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ነው። የሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነውና ነጋዴዎች አንድ ቀን እንዳትሳሳቱ። ታኅሣሥ 16 የሚያከብሩ የውጭ አገር ሰዎች ስላሉ፣ ጥቂት ዛፍ ቀደም ብሎ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ዋናው ገበያ ግን ከታኅሣሥ 25 እስከ 28 ነው። ስለዚህ ከታኅሣሥ 24 በፊት የሚቆርጥ ሰው ደረቅ ዛፍ ይዞ ገበያ ይወጣል።

ታኅሣሥ የበጋ ወር ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ደረቅና ነፋሻ ነው። የአዳማን የነፋስ ኀይል ማመንጫ የሚያሽከረክረው ነፋስ የተቆረጠውንም ጥድ ያደርቀዋል። ዛፉ በውስጡ ብዙ ውሃ የሚይዘው ሌሊቱን ከሥሩ ስቦ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ስለዚህ ገና ሲነጋ ቁረጡ። በመጥረቢያ ከመፈልፈል ይልቅ በመጋዝ መቁረጥ ይሻላል፤ የተቀጠቀጠ እንጨት ውሃ መሳብ ይቸግረዋልና። ከተቆረጠ በኋላ ቅርንጫፎቹን ከታች ወደ ላይ እየሰበሰባችሁ በልጥ ወይም በገመድ እሰሩ፤ ተቃራኒውን ብታደርጉ ይሰበራሉ።

ከአሰላ እስከ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር አላነሰም፤ አዳማ ደግሞ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርድ የለመደ ዛፍ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሙቀት ይወርዳል ማለት ነው። በመኪና ላይ ተጭኖ የሚመጣውን ነፋስ እንዳይመታው በሸራ ወይም በረጠበ ጆንያ ይሸፈን፤ የሚቻል ከሆነም በሌሊት ይጫን። ከተማ ሲደርስ ክምሩን በፀሐይ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ክምሩ ይፈታ፣ በጥላ ሥር ይቁም፣ ግንዱም በተቆረጠ በርሜል ወይም ጀሪካን ውሃ ውስጥ ይነከር። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ከጎረቤቱ የበለጠ ዋጋ ቢጠይቅ አያሳፍረውም።

ለገዢዎች የሚነገር

ገበሬው ወይም የልማት ሠራተኛው ከዚህ የሚከተለውን ለገዢው ቢነግር፣ ገዢው በሚመጣው ዓመትም ደንበኛ ይሆናል።

ዛፉ ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ቅጠሉን በሁለት ጣት ማሸት ነው። ትኩስ ከሆነ እጅ ላይ ጠንካራ ሽታና ትንሽ ሙጫ ይቀራል፤ ቀንበጡም ሲያጎብጡት ይለመጣል እንጂ ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ከዚያ ግንዱን መሬት ላይ መታ መታ ማድረግ ነው። ከውስጥ በኩል ጥቂት ቡናማ ቅጠል ቢረግፍ ምንም አይደለም፤ አረንጓዴው ከረገፈ ግን መተው ይሻላል።

ቤት ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ከግንዱ ታች ሁለት ጣት ያህል በመጋዝ መቁረጥ ነው። ጥድ በተቆረጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቁስሉን በሙጫ ይደፍነዋል። የተደፈነ ግንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢቆም እንኳ አይጠጣም። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ይህን ሳላውቅ ዛፌን ውሃ ውስጥ አቁሜ፣ ውሃው ሳይጎድል ዛፉ ሲደርቅ አይቼ ሻጩን ረግሜአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጡን መላጥ ወይም ግንዱን እንደ ካስማ ማሾልም አይገባም፤ ውሃውን የሚስበው ከልጡ ሥር ያለው የውጭው እንጨት ነውና።

ለማቆሚያ አንገቱ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ዛፉን በመካከል አቁሞ ዙሪያውን በድንጋይ ማጥበቅ፣ ከዚያ ውሃ መሙላት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ውሃው ከተቆረጠው ጫፍ በታች እንዳይወርድ በየቀኑ ይታይ፤ አንድ ቀን ከደረቀ ሙጫው እንደገና ይዘጋዋል። ስኳርና መድኀኒት መጨመር ጥቅም የለውም፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ስለ እሳት ብዙ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቤታችን በበዓል ቀን ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ይህም ሁሉ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ዛፉ በቆመበት ክፍል ነው። ጥድ ሙጫ ያለው ስለሆነ የደረቀ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ምድጃውና ዛፉ ቢያንስ በሁለት ሜትር ይራራቁ። ሻማ በቅርንጫፍ ላይ ፈጽሞ አይለኮስ። የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ሰው ሽቦው ያልተላጠ መሆኑን አይቶ፣ ሲተኛ ያጥፋው። ሰው በረዶ እንዲመስል ብሎ ዛፉ ላይ የሚበትነው ጥጥም እሳት ወዳድ ነው፤ በረዶ የማያውቀው የአዳማ ቤት በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በረዶ መሥራቱ ያስገርማል፣ ግን የሚያደርግ ሰው ቢያንስ ከመብራቱ አምፖል ያርቀው።

እንዲህ የተያዘ ትኩስ ዛፍ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ማለትም እስከ ጥር 11፣ አረንጓዴነቱን ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ቅጠሉ በእጅ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በዓሉ ባያልቅም ከቤት ይውጣ።

ከነሥሩ የሚሸጥ ችግኝ

አንዳንድ ችግኝ አፍይ ጥድን በትልቅ ቆርቆሮ አሳድጎ ከነሥሩ ሊሸጥ ይችላል። ይህ ከሁሉ የሚያተርፍ ይመስለናል፤ ያው ዛፍ በሚመጣው ዓመትም ያገለግላልና። ነገር ግን ገዢው ከአንድ ሳምንት በላይ በቤት ውስጥ እንዳያቆየው ይነገረው። ከቤት ሲወጣም በአንድ ጊዜ ለፀሐይ አይሰጥ፤ ጥቂት ቀን በጥላ ይቆይ። መሬት ላይ የሚተከለው ክረምት ሲገባ፣ በሐምሌ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በቆርቆሮው ውስጥ ውሃ ማጠጣትን ይጠይቃል። የአዳማ ሰው ከተከለውም በኋላ በበጋው ማጠጣት አለበት።

በዓሉ ሲያልፍ የደረቀውን ዛፍ ሜዳ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ከብት ባለበት ሰፈር ይህ አይደረግ። ያረገዘች ላም የዚህን ዐይነት ጥድ ቅጠል በብዛት ብትበላ ልታስወርድ ትችላለች። ግንዱን ለማገዶ ፈልጡት፤ ቅጠሉን ግን ከብት በማይደርስበት ጉድጓድ ቅበሩት።